ዳቦና ማባያው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፤ በቤት፣ በሻይ ቤትና በባለቅርንጫፍ ሱቅ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህ ቦረና በኢትዮጵያ ደቡብ ወሰን ከሚገኘው የቦረና ኦሮሞ አገር ፈጽሞ የተለየ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ ደጋ ነው። በዙሪያው አማራ ሳይንት፣ መሐል ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከለላና ለጋምቦ ይገኛሉ። በነዚህ ወረዳዎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዘር ሐረግ ተሳስሮ ይኖራል።

በሌላው ዓለም ስለ ሳንዱች ሱቆች ሲነገር የሚነሣው ጥያቄ ዳቦው ትኩስ ነውን፣ በመካከሉ የሚገባውስ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት፣ ባለብዙ ቅርንጫፉ ሱቅ ይሻላል ወይስ ባለቤቱ ራሱ የሚሠራበት የሚል ነው። በዚህ ደጋ ግን ሰው ዳቦና ማባያ ሲቀርብለት ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ይኸውም ማን ጋገረው፣ ማን አረደው፣ ዛሬስ ምን ቀን ነው የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአገሩን ዳቦና ማባያ በዝርዝር ከገለጠ በኋላ፣ የቤቱን፣ የሻይ ቤቱንና የባለቅርንጫፍ ሱቁን አሠራር ከነዚህ ጥያቄዎች አንጻር ማነጻጸር ነው።

1ኛ፤ አገሩና እህሉ

የደጋው ዋና እህል ገብስና ስንዴ ነው፤ ከነሱም ጋር ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ ይዘራል። ወደ ወይና ደጋው ሲወርዱ ጤፍ ይበዛል፤ ወደ ዓባይ ቆላ ሲጠጉ ደግሞ ማሽላ ይተካል። በለጋምቦና በአጎራባቹ ከፍተኛ ስፍራዎች ገበሬው ከመኸሩ ሌላ በበልግ ዝናም ገብስ ያመርታል፤ በልጉ የቀረ እንደሆነ ግን ችግሩ ወዲያው በየቤቱ ይታያል። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ክፉኛ የተጎዳ አገር ስለሆነ፣ ቁራሽ ዳቦ በዚህ ሕዝብ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። መሬት ላይ የወደቀ ቁራሽ ተነሥቶ ከፍ ካለ ስፍራ ይቀመጣል እንጂ አይረገጥም።

እንጀራ የዘወትር ምግብ ነው፤ ዳቦ ግን የበዓል፣ የእንግዳ፣ የመንገድና የቡና ቁርስ ነው። ይህም ልዩነት በቋንቋው ጭምር ይታያል። ሰው ሲተዳደር «እንጀራውን ይበላል» ይባላል፤ ስም ሲወጣለት ግን «የዳቦ ስም» ወጣለት ይባላል፤ ለስም ማውጣት የሚቆረሰው ዳቦ ነውና። እንጀራ ለመኖር፣ ዳቦ ለመሰብሰብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

2ኛ፤ የቤት ዳቦ አሠራር

ለድፎ ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ይፈጫል። ቀድሞ ሴቲቱ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጨው ነበር፤ ዛሬ ግን የሞተር ወፍጮ በየገበያው ስለሚገኝ ይህ ድካም በብዙ ስፍራ ቀርቷል። ዱቄቱ ለብ ባለ ውኃና በእርሾ ይቦካል፤ ጨው ይጨመራል፤ እንደ ቤቱ አቅምና ልማድም ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል ወይም አብሽ ይገባበታል። የደጋው ብርድ ሊጡን ቶሎ አያስነሣውም። ስለዚህ ሴቲቱ ማታ አቡክታ ዕቃውን ከምድጃ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ በልብስም ትሸፍነዋለች።

በማግሥቱ በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በላዩም ሌላ ቅጠል ይደረባል። ከሥር እሳት ሲነድ፣ ከላይ ደግሞ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል፤ ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲበስል ነው። እንጨት በተመናመነበት ደጋ የማገዶውን ሥራ የሚሸፍነው በአብዛኛው ኩበት ነው። የኩበት እሳት ቀስ ብሎ የሚነድና ሙቀቱን የሚይዝ በመሆኑ ለወፍራም ዳቦ ይመቻል፤ ነገር ግን ለእርሻው ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ፍግ በዚሁ መንገድ አመድ ሆኖ ይቀራል።

ከድፎ ዳቦ ሌላ እነዚህ ይታወቃሉ። ቂጣ ያልቦካ ወይም ጥቂት ብቻ የቦካ ስስ ነው፤ ለድንገተኛ እንግዳ ይደርሳል። ሙልሙል ለቡሄ ለልጆች የሚጋገር ትንሽ ዳቦ ነው። አምባሻ ከትግራይ እስከ ወሎ የታወቀ፣ ፊቱ የሚጌጥ ክብ ዳቦ ነው። ዳቦ ቆሎ በትንንሹ ተቆርጦ የሚቆላ ሊጥ ሲሆን ሳይበላሽ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ለስንቅ ይሆናል። ከዳቦ ባይቆጠሩም በሶና ጭኮ የገብሱ አገር ስንቆች ናቸው፤ በሶ በውኃ፣ ጭኮ ግን በቅቤ ይለወሳል።

3ኛ፤ ማባያ በሦስት ስፍራ

ማባያ ማለት እንጀራ ወይም ዳቦ ብቻውን እንዳይበላ የሚቀርብ አጃቢ ነው። በአገሩ ልማድ ማባያ በሦስት ስፍራ ይገኛል።

መጀመሪያው ስፍራ በሊጡ ውስጥ ነው። አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በርበሬው ከሊጡ ጋር ስለተዋሐደ እንዲህ ያለው ዳቦ ሌላ ማባያ አይሻም፤ ቡና ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ስፍራ በዳቦው አጠገብ ነው። ማር፣ አይብ፣ ወጥ ወይም ሻይ ለብቻ ቀርቦ በላተኛው ዳቦውን እየቆረሰ ያጠቅሳል። በዚህ ጊዜ የሚመርጠው በላተኛው ራሱ ነው፤ የማይበላውን ይተዋል፣ የሚበላውን ይወስዳል።

ሦስተኛው ስፍራ በመካከል ነው፤ የዚህም ምሳሌ አነባበሮ ነው። አንዱ እንጀራ ከተጋገረ በኋላ በበርበሬና በቅቤ፣ በጾም ጊዜም በበርበሬና በዘይት ይቀባል፤ ሌላውም ይደረብበታል። ስሙ ራሱ «አነባበረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ ማለት ነው። ዶሮ ወጥ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገርበት ዶሮ ዳቦም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። ስለዚህ በሁለት ዳቦ መካከል ማባያ ማኖር ለኢትዮጵያ ሰው ከውጭ የመጣ እንግዳ አሳብ አይደለም። እንግዳ የሆነው በ18ኛው መቶ ዓመት በነበረው የእንግሊዝ ባላባት የማዕርግ ስም የተጠራው «ሳንዱች» የሚለው ቃልና፣ ከሱም ጋር የመጣው ለብቻ ገዝቶ ለብቻ መብላት ነው።

እነዚህ ሦስት ስፍራዎች የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደሉም። ማባያው ከዳቦው አጠገብ ሲሆን በላተኛው አይቶ ይመርጣል። በመካከል ወይም በሊጡ ውስጥ ሲሆን ግን ዓይን አያየውም፤ ስለዚህ የሚበላው የሠራውን ሰው አምኖ ነው። የዚህ ነገር ክብደት በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

4ኛ፤ ሰውን የሚለይ፣ ቀንን የሚለይ፣ ማንንም የማይለይ

በወሎ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ይህ የጠብ ምልክት አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያከብርበት ሥርዓት ሆኖ የኖረ ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር የሚደግስ ሰው የሌላው ሃይማኖት ጎረቤቶቹ የሚበሉትን ከብት ለብቻ ያዘጋጃል፤ አራጁም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ዕቃውም ከዚያው ወገን እንዲሆን ያደርጋል። ጎረቤቱም ሲደግስ በተራው እንዲሁ ያደርግለታል።

ከዚህ ልማድ በመነሣት የዳቦ ማባያዎችን በሦስት መክፈል ይቻላል።

ሀ/ ሰውን የሚለይ ማባያ። ይህ ሥጋና ከሥጋ የሚሠራ ሁሉ ነው። በማንኛውም ቀን ቢሆን አራጁ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይበላም።

ለ/ ቀንን የሚለይ ማባያ። ይህ ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተትና አይብ ነው። መታረድ ስለሌለበት በፍስክ ቀን ሁለቱም ወገኖች በአንድነት ይበሉታል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ አይነካውም።

ሐ/ ማንንም የማይለይ ማባያ። ይህ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ የቲማቲም ሥልስ፣ በርበሬና ዘይት ነው። አራጅ አይጠየቅበትም፤ ለክርስቲያኑ በጾምም በፍስክም ይሆናል፤ ለሙስሊሙም በማናቸውም ጊዜ የተፈቀደ ነው።

ዳቦው ራሱ ከሦስተኛው ክፍል ነው፤ ቅቤ ወይም ወተት ካልገባበት ማንንም አይለይም። በማኅበር የሚቆረሰው ድፎ፣ በመውሊድና በሰደቃ የሚቀርበው ዳቦ፣ በወዳጃ ጸሎት ላይ ከቡናው ጋር የሚታደለው ቁራሽ፣ የጎረቤት እጅ ሁሉ ሳያመነታ የሚዘረጋለት በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋው በሁለት ገበታ ሲቀርብ ዳቦው በአንድ መሶብ ይቀርባል።

5ኛ፤ ዳቦ ቤትና ሻይ ቤት

በከተማ ዳቦ ቤት የሚጋገረው ነጭ ዳቦ «ፉርኖ» ይባላል፤ ዱቄቱም «ፉርኖ ዱቄት» ነው። ቃሉ ምድጃ ከሚለው የኢጣልያ ቋንቋ ቃል የመጣ ነው። ከሻይ ጋር የሚቀርበው ቦምቦሊኖም ስሙ ከዚያው ቋንቋ ነው። ሳምቡሳ ግን ከፋርስና ከዓረብ አገር በኩል የመጣ ነው።

ፉርኖ ከቤት ዳቦ በብዙ ነገር ይለያል። የቤቱ ዳቦ ከስንዴው ሙሉ ዱቄት ስለሚሠራ ጠቆር ይላል፤ ክብደት አለው፤ በማግሥቱም ይበላል። ፉርኖ ብራቡ ከወጣለት ነጭ ዱቄት በፋብሪካ እርሾ ቶሎ ተነሥቶ ስለሚጋገር ቀላል ነው፤ በዕለቱ ካልተበላ ይደርቃል። የቤቱ ዳቦ አንዱ ለብዙ ሰው ይቆረሳል፤ ፉርኖ ግን አንዱ ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ ፉርኖ ቆራሽና መራቂ የለውም። የዱቄት ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ብዙ ጊዜ ዋጋውን ትቶ ዳቦውን ያሳንሳል፤ ገዢውም ይህን በእጁ መዝኖ ያውቃል።

ሻይ ቤቱ ዳቦውን ከዳቦ ቤቱ ገዝቶ ማባያውን ራሱ ይሠራል። በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች እንደሚታየው ገበታው የታወቀ ነው፤ ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በዕንቁላል፣ ዳቦ በሥልስ፣ ፉል፣ ፓስቲ፣ ምስር የገባበት ሳምቡሳ። ይህ ገበታ ከላይ ከተሰጠው ክፍፍል ጋር ሲመዛዘን አንድ ነገር ይገለጣል። አብዛኛው ማንንም ከማይለየው ክፍል ነው፤ ዕንቁላሉ ብቻ ቀንን ከሚለየው ነው፤ ሥጋ ግን የለም ለማለት ይቻላል። በሌሎች አገሮች ሳምቡሳ ብዙ ጊዜ በሥጋ ሲሞላ በኢትዮጵያ ሻይ ቤቶች ምስር የተለመደ መሆኑ የዋጋ ነገር እንደሆነ አይካድም፤ ምስር ከሥጋ ይረክሳልና። ነገር ግን በምስር የተሞላ ሳምቡሳ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ሃይማኖቱንም ሆነ ቀኑን ሳይጠይቅ ይሸጣል። በመካከል የተሸሸገው ምን እንደሆነ ስለሚታወቅ ዓይን ባያየውም ልብ አይጠራጠርም።

ሻይ ቤቱ ቀኑንም ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ የዕንቁላሉ ፍላጎት ስለሚቀንስ ሥልሱና ፉሉ ይበዛል፤ ፉሉም ያለ ቅቤና ያለ ዕንቁላል ይቀርባል። በረመዳን ጿሚው ቀን ስለማይመገብ ገበያው ወደ ማታ ይዞራል፤ ለማፍጠሪያም ሳምቡሳ በብዛት ይጠበሳል። ይህን ሁሉ የሚወስን የተጻፈ መመሪያ የለም። ባለቤቲቱ ደንበኞችዋን በስም፣ ቤተ ሰባቸውንም በዘር ታውቃለች፤ እነሱም እርሷንና እጅዋን ያውቃሉ።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህ ግን የሻይ ቤቱ በላተኛ የመንደር ሰው ብቻ አይደለም። ከሩቅ ክፍለ አገር የመጣ ተማሪ ባለቤቲቱን አያውቃትም፤ እርሷም አታውቀውም። ስለዚህ ቀድሞ ሳይነገር ይታወቅ የነበረው «ይህ የጾም ነው»፣ «ይህ የፍስክ ነው» የሚለው አሁን በቃል መነገር፣ አንዳንድ ጊዜም በግድግዳ ላይ መጻፍ ያስፈልገዋል።

6ኛ፤ ባለቅርንጫፍ ሱቅ

ባለቅርንጫፍ ሱቅ ማለት አንድ ስም፣ አንድ የአሠራር መመሪያና አንድ ገበታ ይዞ በብዙ ስፍራ የሚከፈት ነው። በአዲስ አበባ ካልዲስ ኮፊ በዚህ መንገድ የተስፋፋ የአገር ውስጥ ምሳሌ ነው፤ ፒዛ ሀትም በ2010 ዓ.ም. ከውጭ ገብቶ ቅርንጫፎች ከፍቷል። ከዳቦ ወገን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዳቦ በአንድ ስፍራ ጋግሮ በከተማው ውስጥ በብዙ መሸጫዎች የማደል ሥራ ምሳሌ ነው።

የእንዲህ ያለው ሱቅ ዋና ኃይል አንድ ዓይነትነት ነው። ሊጡ፣ ክብደቱ፣ የምድጃው ሙቀትና የማባያው ልክ ተጽፎ የተወሰነ ስለሆነ ሠራተኛው ቢለወጥም ምግቡ አይለወጥም። ሻይ ቤቱ «እኔን ታውቀኛለህ» ሲል ባለቅርንጫፉ «እኔን ማወቅ አያስፈልግህም፤ ስሙን ታውቃለህና» ይላል።

ነገር ግን በዚያም ዓለም ቢሆን ዳቦው ምንድር ነው፣ ሥጋውስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አልቀረም። ለዚህ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የተመሠረተው ሳብዌይ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የሳንዱች ሱቆች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዚህ ድርጅት ዳቦ በአገሩ የቀረጥ ሕግ መሠረት ከመሠረታዊ ምግብ ከሚቆጠረው «ዳቦ» ውስጥ እንደማይገባ ፈረደ። ምክንያቱም ሕጉ ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ 2 እጅ እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ በዚህ ዳቦ ውስጥ ያለው ከመቶ 10 እጅ በመሆኑ ነው። ማባያው በሊጡ ውስጥ ከተወሰነ ልክ በላይ ሲገባ ዳቦ ዳቦነቱን ያጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ በሚገኙ 185 ያህል ሱቆቹ የዐሣማ ሥጋን ትቶ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ሥጋ ብቻ ማቅረቡን መግለጡ ነው። በነዚያ ሱቆች በር ላይ የሚለጠፈው «ሐላል» የሚል ጽሑፍ፣ በወሎ ድግስ ላይ አራጁን በዓይን ማየት የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በአዲስ አበባም ምግብ ቤቶች በዝርዝራቸው ላይ «የጾም» የሚል ክፍል ያኖራሉ፤ የጾም በርገርም የተለመደ ሆኗል። ይህም ሻይ ቤቱ በልማድ ያደርገው የነበረው በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው።

7ኛ፤ ንጽጽር

ሦስቱን በአንድነት ሲመለከቱ ልዩነታቸው በዳቦውና በማባያው ጥራት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከጥራት ወገን ከታየ እያንዳንዱ የራሱ ብልጫ አለው። የቤቱ ዳቦ ሙሉ እህል ነው፤ ጣዕሙም የእህሉና የእሳቱ ነው፤ ድካሙና ማገዶው ግን ብዙ ነው፤ ዘወትርም አይገኝም። የሻይ ቤቱ ርካሽና ትኩስ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የጣፈጠው ነገ ላይጣፍጥ ይችላል። የባለቅርንጫፉ ንጹሕና አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን ለገጠሬው ሩቅ ነው፤ አቅርቦቱም መብራትና መንገድ ይሻል።

ዋናው ልዩነት እምነት የሚጣልበት ነገር ነው። በቤት የሚታመነው ሰው ነው። በባለቅርንጫፉ የሚታመነው ጽሑፍና ስም ነው። ሻይ ቤቱ በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ለመንደሩ ሰው የባለቤቲቱ እጅ፣ ለመጻተኛው ደግሞ ማንንም የማይለየው ማባያ ዋስ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ የሚጠፋውና የሚተርፈው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። የድንጋይ ወፍጮው ሲቀር ሴቶች ከከባድ ድካም አርፈዋል፤ ይህ የሚጸጽት አይደለም። ፉርኖ ድፎውን በዘወትር ቀን ሲተካም ጉዳቱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ዳቦ ለአንድ ሰው በአንድ ሲሸጥ መቁረስ ይቀራል፤ መቁረስ ሲቀር ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መሶብ የሚገናኙበት አንዱ ምክንያት ይላላል። የባለቅርንጫፉ ጽሑፍ እያንዳንዱ የተፈቀደለትን ለይቶ እንዲበላ ያስችላል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ከብት ለይቶ እንዲያዘጋጅ ግን አያስተምርም።

ስለዚህ በዚህ ደጋ የምግብን ልማድ የሚያጠና ተማሪ የዳቦውን ዓይነትና የማባያውን ስም ከመዘገበ በኋላ ሥራውን ጨረስኩ ሊል አይገባውም። ማባያው በሊጡ ውስጥ፣ በመካከል ወይም በአጠገብ መሆኑን፤ ሰውን የሚለይ፣ ቀንን የሚለይ ወይም ማንንም የማይለይ መሆኑን፤ በላተኛውም ያመነው ሰውን ወይስ ጽሑፍን እንደሆነ አብሮ መመዝገብ አለበት። ሻይ ቤት የምትከፍት ሴት ምስሩን ስትመርጥ ስለ ዋጋው ብቻ ያሰበች ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በምርጫዋ አባቶችዋና እናቶችዋ በድግስ ቀን በሁለት ገበታ የፈቱትን ነገር እርሷ በአንድ ሳህን ፈትታዋለች።